የልጄ ክርስትና ላይ ሲጋር ላቅርብ ወይስ ይቅርብኝ? (እስካሁን የተባለውን እዚሁ ጽፌዋለሁ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ይሄን ክር ከከፈትኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ መልሱ 31 ደርሷል፣ አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ታች ሳያነብ ያንኑ ጥያቄ እየመለሰ ስለሚጠይቀኝ የመጀመሪያውን ፖስት ከፍቼ ሁሉንም እዚሁ ልተርክላችሁ ነው። የማንንም ቃል ኮፒ አላደረግኩም፣ በራሴ አፍ ነው፣ አጣምሜባችሁ ከሆነ ታች አርሙኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ከተጋባን 9 ዓመታችን፣ ሶስተኛዋ ልጃችን ሴት ናትና በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ቀኑ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳው ውስጥ ስለዋለ ረቡዕ የለ ዓርብ የለ፣ ድግሱ እንደልብ ነው። እኔ ደግሞ ሲጋር እወዳለሁ። ሲጋራ አላልኩም፣ ሲጋር፣ ያ በትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለለው ወፍራሙ (ይሄን ልዩነት ለአማቴ ለማስረዳት አንድ ዓመት ፈጅቶብኝ አልተሳካልኝም)። ሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ማታ፣ ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍቼ አንድ አጨሳለሁ፣ አንዳንዴ ከወይን ጋር አንዳንዴ ራሴ ከጣልኩት ጠጅ ጋር፣ በቃ ይሄው ነው ሱሴ። እዚህ ሀገር ልጅ የተወለደለት አባት ለጓደኞቹ ሲጋር ያድላል፣ መስሪያ ቤት አይቼው ቀንቼ ነበር፣ እና ለክርስትናው 20 ፍሬ ገዝቼ ከምሳ በኋላ ጓሮ ላሉት ወንዶች ላድል አሰብኩ። ለባለቤቴ ስነግራት የመለሰችልኝ አባ ባሉበት? ብላ ብቻ ነው። እና ጠየቅኳችሁ፣ ነውር ነው ወይ፣ ለዶሮ ወጡስ ምን ወይን ይሻላል፣ ያገባችሁ ሰዎችስ ይሄን የመሰለ ነገር እንዴት አድርጋችሁ ነው የያዛችሁት። የመጨረሻውን የጠየቅኩት ባለቤቴ የምታውቀው 20 የሚይዘውን የእንጨት ሳጥን ብቻ ስለሆነ ነው። ጋራዥ ጥግ ላይ ያለው ትልቁ ኩለር ላይ የዓሣ ማስገሪያ እቃ ብዬ ጽፌበታለሁ። ውስጡ 60 ምናምን ሲጋር አለ። ዓሣ አስግሬ አላውቅም።

(ቁጥሮቹ የመልሶቹ ተራ ናቸው።) 1 ቁጥር እንኳን ማርያም ማረቻት ብሎ የሕፃኗን ስም ጠየቀና ሄደ። አሜን።

2 ቁጥር ዲያቆን ነገር ይመስለኛል፣ በጣም በትህትና ነው የጻፈው። ልጅቷ የተጠመቀች ዕለት እንደምትቆርብ አስታወሰኝ፣ እናትና አባትም አብረው ከቆረቡ ደግሞ የባሰ እንደሆነ፣ ስለዚህ በዛ ቀን በቤቱ ጭስ የሚባል ነገር ከዕጣን ውጪ ባይታሰብ እንደሚሻል ነገረኝ። ቤተክርስቲያናችን ትምባሆን ወዳ እንደማታውቅ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛም ትምባሆ የሚያጨሰውንና ሱረት የሚስበውን ክፉኛ ይቀጡ እንደነበር ጨመረበት። 3 ቁጥር ወዲያው ተነስቶ የአፄ ዮሐንስ የመንግስት ቅጣት ነው እንጂ ቀኖና አይደለም፣ ያኔም የነበረው ጋያና ሱረት ነው፣ ሲጋርን ማን አምጥቶ አሳያቸው ብሎ ተከራከረ። 2 ቁጥር 5 ላይ ተመልሶ መጥቶ ጭስ ጭስ ነው አለ። ብዙ ያላወራ ሰው ነው ግን እስከ ዛሬ የምትከነክነኝ የሱዋ ናት።

በመሀል 4 ቁጥር ስለ ወይኑ ጻፈልኝ፣ ከሁሉም የጠቀመኝ ይሄ ነው። ዶሮ ወጥ ላይ ደረቅ፣ አፍ የሚያሳስር፣ አልኮሉ ከፍ ያለ ቀይ ወይን ከከፈትክ በርበሬውን አፍህ ውስጥ እሳት ነው የሚያደርገው፣ ለኛ ወጥ ትንሽ ጣፈጥ ያለ ነው የሚስማማው፣ ለዚህም ነው ጠጅና ዶሮ ወጥ ተፈላልገው የተገናኙት የሚል ነው ነገሩ። ቀይ ወይን ቤት ውስጥ ባለው ሙቀት ይጠጣል የሚባለውም የድሮ የአውሮፓ ቀዝቃዛ ቤት ታስቦ እንጂ በግንቦት የቨርጂኒያ ጓሮ አይደለም፣ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆይተህ 16 ዲግሪ አካባቢ ስጠው ብሏል። ሞከርኩት፣ ልክ ነው። አካሽያ ሚዲየም ስዊት የሚባለውን ወይን ቀዝቀዝ አድርጌ ለባለቤቴ ሰጠኋት፣ ወይን የማትወደዋ ልጅ ደገመች።

ከዛ ነገሩ ወደ ሀገር ቤት ወይን ዞረና እኔ ተረሳሁ። 6 ቁጥር ናፍቆት ይዞት ነው መሰለኝ ረጅም ነገር ጻፈ፣ ጉደር በኮካ እየቀላቀለ እንዳደገ፣ ሰርጉ ላይ በ2000 ዓ.ም. ሪፍት ቫሊ ሜርሎ በካሳ ገዝቶ እንዳንበሸበሸ፣ እንደዛ ያለ ሰርግ ሰፈሩ አይቶ እንደማያውቅ። 7 ቁጥር ወይን በኮካ ሲባል ደሙ ፈላ፣ ወይኑን ከሚያዋርዱት ውሃ ቢጠጡ ይሻላል ዓይነት ነገር ተናገረ፣ ስድብ ነበረበት እኔ አልደግመውም። 8 ቁጥር እናቷ ሬስቶራንት የነበራቸው ናት፣ ግማሹ ጠረጴዛ ወይንና ኮካ፣ ወይንና አምቦ ውሃ ያዝ እንደነበር፣ ደንበኛውም ከፍሎ በደስታ እንደሚሄድ ነገረችውና ማን ነህ አንተ ብላ ዘጋችው። የሳቅኩት ግን በ9 ቁጥር ነው። ይሄ ሰው ዝም ብሎ ዓመተ ምህረት የሚቆጥር ዓይነት ነው፣ አዋሽ ወይን ጠጅ በፈረንጅ 1943 የተቋቋመ ሽማግሌ ነው፣ ሪፍት ቫሊን የሚያመርተው ካስቴል ግን ዝዋይ ወይኑን አብቅሎ ጠርሙሱን ገበያ ያወጣው በፈረንጅ 2014 ነው፣ ታዲያ አንተ በ2000 ዓ.ም. ሪፍት ቫሊ ከየት አመጣህ ብሎ 6 ቁጥርን ጠየቀው። ሰውየው አንድ ቀን ሙሉ ጠፋ። ሲመለስ ባለቤቱን ጠይቆ፣ ለካ ሰርጋቸው ላይ የነበረው ያው ጉደር ነው፣ ሪፍት ቫሊው የልጃቸው ልደት ላይ ነው። በጨዋ ደንብ ይቅርታ ጠየቀ፣ እንዲህ ያለ ሰው እወዳለሁ።

10 ቁጥር ወደ ሲጋሩ መለሰን። ለማያውቅ ሰው ጥቁሩን ማዱሮ፣ ጉልበተኛውን የኒካራጓ እንዳትሰጥ፣ ራፐሩ (የውጪው መጠቅለያ ቅጠል) ኮነቲከት የሆነ፣ ወርቅማ ቡና የሚመስለውን ለስላሳ ምረጥ፣ መጠኑ ሮቡስቶ ይሁን አለኝ፣ 5 ኢንች በ50 ማለት ነው፣ 50 የሚባለው ውፍረቱ በኢንች 64ኛ እጅ ተቆጥሮ ነው፣ አንድ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ሰው ሳይበላ እንዳይጀምር፣ ጭሱን ወደ ውስጥ እንዳይስብ፣ በደቂቃ አንዴ ብቻ እንዲስብ ቀድመህ ንገር አለ። እሱ ራሱ ይሄን ሳያውቅ መልሱ ዕለት ባዶ ሆዱን ለነበረ ሚዜው አንድ ጠንካራ ሰጥቶት ሚዜው ላብ በላብ ሆኖ የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጦ ቀረ፣ ፎቶዎቹ ላይ ሁሉ ሚዜ የለም። አሁንም ሚስትየው አልበሙን በገለጠች ቁጥር ይሄ ወሬ ይነሳል አሉ።

11 ቁጥር ዱባይ ያለ የአክስቱ ልጅ ኮሂባ የሚባለውን የኩባ ሲጋር በሳጥን እንደሚያመጣለት፣ ክዳኑ መስታወት የሆነ ቆንጆ ሳጥን እንደሆነ፣ ከፈለግኩ በቅናሽ እንደሚሰጠኝ ጻፈ። 13 ቁጥር አላሳለፈውም። እውነተኛ የኩባ ሲጋር መስታወት ክዳን ባለው ሳጥን ተሽጦ እንደማያውቅ፣ ያ ሳጥን የቱሪስት ማታለያ እንደሆነ፣ እውነተኛ ቢሆን እንኳን መንገደኛ ለራሱ ወደዚህ ሀገር እንዲያስገባ በፈረንጅ 2016 ተፈቅዶ የነበረው በመስከረም 2020 እንደገና መዘጋቱን ነገረውና በክርስትና ድግስ ላይ ኮንትሮባንድ ምን ይባላል ብሎ ጨረሰ። 14 ቁጥር የኬኔዲን አመጣ፣ ፕሬዝዳንቱ በፈረንጅ 1962 የኩባን እገዳ ከመፈረማቸው በፊት የፕሬስ ሀላፊያቸውን ፒየር ሳሊንጀርን ማታ ልከው 1,200 ፔቲ አፕማን የሚባል የኩባ ሲጋር አስገዝተው፣ ጠዋት እጃቸው መግባቱን ሲሰሙ ነው የፈረሙት፣ ታዲያ ከሳቸው እኔ በምን ልሻል የሚል ነገር። 11 ቁጥር ከዛ በኋላ አልታየም፣ የአክስቱን ልጅ ሊያናግር ሄዶ ይሆናል።

አሁን 12 ቁጥርን ልንገራችሁ። ሴት ናት፣ ባሏ እንደኔው ነው፣ 14 ዓመት አብረው ኖረዋል። ገንዘቡ እንዳላስጨነቃት፣ ጭሱም እንዳላስጨነቃት፣ የሚያስጨንቃት ቤት ውስጥ የማታውቀው ነገር ሲኖር እንደሆነ ጻፈች። እነሱ ቤት ስምምነቱ እንዲህ ነው፣ በወር ለሱ የተቆረጠ ብር አለ፣ ለሷም ያንኑ ያህል አለ፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም፣ ግን ሳጥኑ ክፍት ነው፣ እሷ ራሷ ነች ሲጋሮቹ እንዳይደርቁ እርጥበቱን የምታይለት፣ ከ65 በመቶ ሲወርድ ቴክስት ታደርግለታለች። ሲያጨስ የሚለብሳት አንድ ጃኬት ጋራዥ ተሰቅላለች፣ ታጥቦ ነው አልጋ የሚገባው። ከዛ ለኔ ቀጥታ አንድ ነገር ጻፈችልኝ፣ ኩለርህ ላይ የዓሣ እቃ ብለህ የጻፍከው ሚስትህን ፈርተህ ነው ወይስ ንቀሃት? እዛ ላይ ስልኬን አስቀመጥኩት። መልስ አልሰጠኋትም፣ እስካሁንም አልሰጠኋትም።

15 ቁጥር ነርስ ናት፣ ሳትቆጣ ነው የጻፈችው። ወደ ሳንባ ባይሳብም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር እንደሚያመጣ፣ አንዱ ትልቅ ሲጋር ብቻውን የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊኖረው እንደሚችል፣ ሕይወት ኢንሹራንስ ስገባም የትምባሆው ምልክት ደሜ ላይ እንደሚገኝ። ሁለት ወር ከሞላት ሕፃን ጋር ደግሞ ጭሱ ልብስና ፂም ላይ ስለሚቀር ሳልታጠብ እንዳላቅፋት። የመጨረሻውን ባለቤቴም ብላኛለች፣ እኔ ግን እንደ ሰበብ ነበር የወሰድኩት።

16 የኔው ነው። ሲጋሬ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ አየሁ ብዬ ጠየቅኩ፣ ትል እንደሆነ ነገሩኝ፣ እንቁላሉ ቅጠሉ ውስጥ ይኖርና ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ካለፈ ይፈለፈላል፣ የኔ ጋራዥ ደግሞ በበጋ ምድጃ ነው። መፍትሄው በሁለት ዚፕ ከረጢት አሽጎ ፍሪዘር ውስጥ ሶስት አራት ቀን ማቆየት፣ ከዛ ፍሪጅ፣ ከዛ ቀስ ብሎ ማውጣት። ይሄን ቀድሜ በግማሽ አውቄው ኖሮ አድርጌዋለሁ፣ ግን በአንድ ከረጢት፣ እሱም በደንብ ሳይዘጋ፣ ያስቀመጥኩትም አማቴ ከሀገር ቤት ለገንፎው ብለው ይዘውት የመጡት ንጥር ቅቤ ጎን። ትምባሆ ሽታ ይሰጣል ይቀበላል፣ ቅቤም እንደዛው። ሲጋሮቹ ኮረሪማ ኮረሪማ ሸተቱኝ። ቅቤው ደግሞ… ባለቤቴ በወለደች በሳምንቷ ገንፎው ሲቀርብ አማቴ አሸተቱና ቅቤው ሻንጣ ውስጥ የሆነ ሰው እቃ ነክቶት ነው ብለው አየር መንገዱን ሲረግሙ እኔ እዛው ቆሜ አንገቴን ነቀነቅኩ። ይሄን እዚህ ማንም አያውቀኝም ብዬ ጻፍኩት።

17 ቁጥር ያንን ሁሉ ትቶ ገንዘቡን ያዘ። 20 ሲጋር በ12 ዶላር 240 ዶላር፣ ይሄ ሀገር ቤት ላለ ቤተሰብ ምን ያህል እንደሆነ እያሰላ፣ አቃጥሎ አመድ የሚያደርግ ትውልድ ብሎ ሰደበኝ። 18 ቁጥር የሱን ስልክ ስንት እንደገዛው ጠየቀው። 17 ተመልሶ እናቱን ጠቀሰ፣ 18 አባቱን ጠቀሰ፣ 19 ላይ የመድረኩ አስተዳዳሪ ሁለቱንም ለሶስት ቀን ዘጋቸውና ክሩ ስለ ክርስትና እንደሆነ አስታወሰን። እውነት ለመናገር 17 የጻፈው አላሳዘነኝም ማለት አልችልም፣ ግን በየወሩ የምልከውን እሱ አያውቅም፣ እኔም አልነገርኩትም።

20 ቁጥር ሌላ ሴት ናት፣ እሷ ራሷ ሲጋር አጫሽ። ከ1 እስከ 19 ሁሉም ሰው ወንድ ያጨሳል ሴት ትቆጣለች ብሎ መጻፉ አናደዳት፣ የኔን ለወንዶቹ ላድል ያልኳትን አንስታ ወቀሰችኝ፣ ባሏ አስም ስላለበት በረንዳ ላይ ብቻዋን እንደምታጨስ፣ ከሐረር ደረቅ ቡና ጋር ማዱሮ፣ ከታጠበ ይርጋጨፌ ጋር ኮነቲከት እንደምትወድ ነገረችን። ሞከርኩት። ሐረሩ በተለይ፣ ያ የፍሬ ጣዕሙ ከጥቁሩ ሲጋር ጋር፣ እኔ እንጃ፣ ወይን ምን ያደርጋል አስባለኝ።

ከዛ ጠጁ መጣ። 21 ቁጥር እዚህ ሀገር ለራስ ቤት ጠጅ መጣል በፌደራል ሕግ እንደሚፈቀድ፣ ላጤ በዓመት 100 ጋሎን ያገባ 200 ጋሎን እንደሆነ፣ ትዳር አንድ ጥቅም እንዳለው ጻፈ። 22 አረመው፣ ሕጉ ጋብቻ አይጠይቅም፣ ቤቱ ውስጥ ሁለት አዋቂ ካለ በቂ ነው፣ አማት ብትሆንም ትቆጠራለች፣ ዋናው እንዳይሸጥ ነው። 200 ጋሎን ማለት እኮ 757 ሊትር ነው፣ ለማን ነው? 23 ቁጥር አጣጣሌን ጠየቀኝ፣ አንድ ማር በሶስት ውሃ፣ ሰፈፉን እየገፈፍኩ፣ ጌሾውን እንጨቱን ነው የምጠቀመው ቅጠሉን ለጠላ ትቼ፣ ለልጆቹ ብርዙን አስቀድሜ እቀንሳለሁ አልኩት። ለክርስትናው የሚሆነው ያኔ ተጥሏል፣ ብርሌም 30 ተበድሬያለሁ።

24 ቁጥር አጭር ነው። ጋሼ ብሎ ጀመረ። የገንፎው ዕለት እዛው ቤት እንደነበረ፣ ከቅቤው እሱም እንደበላ፣ አሁን ሁሉም ነገር እንደገባው። የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ይሄን መድረክ ያሳየሁት እኔ ነኝ።

25፣ 26፣ 27 ሳቅ ብቻ ናቸው።

28 ቁጥር፣ እሱ ነው ሰው፣ ሳይስቅ መጣ። ልጁ ሳይቀድመኝ ዛሬውኑ ለባለቤቴ ራሴ እንድነግራት፣ ስነግርም ግማሹን ሳይሆን ኩለሩንም ቅቤውንም አንድ ላይ እንድነግር፣ ለአማቴ ደግሞ ባዶ እጄን እንዳልሄድ መከረኝ። ያን ማታ ቡና ላይ ነገርኳት። ኩለሩን ከጅምሩ ታውቃለች፣ በ9 ዓመት አንድ ዓሣ ሳመጣ አላየችም፣ ቆጥራም ታውቃለች፣ 64 ናቸው አለችኝ፣ እኔ እንኳን 60 ምናምን ነው የምለው። ቅቤውን ግን አታውቅም ነበር። ስኒዋን አስቀመጠች፣ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም፣ ከዛ ለእማዬ አንተ ራስህ ትነግራታለህ ብላ ልጅቷን ይዛ ገባች። ሲጋሩን እንኳን ያን ማታ አላነሳነውም። በማግስቱ እኔው ነኝ በድግሱ ቀን እንዳይሆን ያልኩት፣ እሷም አማችህ ጓሮ በሌላ ቅዳሜ ምን ከለከለህ አለች። 24 ቁጥር ጓሮውን ፈቅዷል፣ ዋጋው ሁለት ፓድሮን ሲጋር ነው አለኝ።

29 እና 30 ኮሂባውን የሚጠይቁ ናቸው፣ ወደ 13 ሂዱ።

አማቴ ገና አልሰሙም። ክርስትናው እሁድ ነው፣ ከሀገር ቤት የሚመጣ መንገደኛ ሁለት ኪሎ ንጥር ቅቤ ይዞልኝ ሐሙስ ይገባል፣ ስለዚህ ሐሙስ ማታ ነው የምነግራቸው። 31 ቁጥር፣ ጌሾ የት ይገኛል ያልከኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባሉት የኛ ሱቆች ታገኛለህ፣ እንጨቱን እንደሆነ ለይተህ ንገራቸው፣ ካጣህ ግን ከኔ ግማሽ ኪሎ ተርፏል፣ ከሐሙስ በፊት ብትመጣ ነው የሚሻለው።